አሮጌ ጀልባ በክረምት እንዴት ይታደሳል?

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በክረምት የሚያየው ውሃ ብዙ ነው። ላህና ፈጣም ደፍርሰው ወደ ደቡብ፥ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ወደ ሰሜን አቅንቶ በወተት ዓባይ ድልድይ ሥር ያልፍና ጣና ይገባል። የቡሬ ገበሬ ወንዝ ሲሞላበት እስኪጎድል ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ጀልባ አይመኝም። የጣና ደሴቶች ሰው ግን ያለ ጀልባ ገበያም ሆነ ሐኪም ቤት አይደርስም። ስለዚህ ስለ ጀልባ እድሳት ለመማር የሚፈልግ ወጣት የግልገል ዓባይን ውሃ ተከትሎ ሐይቁ ዳር ቢደርስ ይበጀዋል።

የጣና ጥንታዊ ጀልባ ታንኳ ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሓይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶው ከነዶ ጋር ተጠፍሮ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። በዚህ ሙያ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን ሲንቋቸው ቢኖሩም በእጃቸው ሥራ ከመሳፈር ግን የታቀበ የለም። ታንኳ በየቀኑ ከተሠራበት ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፥ ኋላም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለታንኳው ከሥራ ሲመለስ ውሃው ላይ አስሮ አይተወውም፤ ወደ ደረቅ መሬት ጎትቶ ለፀሓይ ያሰጣዋል።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ውቅያኖስ ላይ የፈተነ ሰው አለ። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተወሰደ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፥ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራና በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣ። የጀልባዋ የኋላ ክፍል ውሃ እየጠጣ ዝቅ አለና ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ «ራ» ግንቦት 9 ቀን ተነሥታ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም.፥ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ዛሬ የጣና ዳርቻ እየታረሰ ደንገሉ መንምኗል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። ባሕር ዳር ላይ መንገደኛ ከሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች መካከል ከፋይበርግላስ የተሠሩ ይገኛሉ። ፋይበርግላስ ማለት እንደ ሐር የቀጠነ የመስታወት ክር ፖሊስተር በሚባል ሙጫ ተነክሮ የደረቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም የተስፋፋው ይህ ጀልባ «አይበሰብስም» ስለሚባል ባለቤቱን ያዘናጋል። የሆነ ሆኖ ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ ቀስ ብሎ ቆዳውን ዘልቆ ይገባና እብጠት ያወጣበታል። እብጠቱ ሲወጋ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ባለጀልባው በብርዱ ወራት ጀልባውን ወደ ቤቱ ጓሮ አምጥቶ ያድሳል። መጻሕፍታቸውም በጣም የሚያስጠነቅቁት ስለ ብርድ ነው፤ ሙጫው ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ካነሰ በደንብ አይጠነክርም። የእኛ ክረምት ጠባዩ ሌላ ነው። ቀን ቀን ሙቀቱ ይበቃል፤ ጠላቱ እርጥበቱ ነው፤ እርጥብ ክር ላይ የፈሰሰ ሙጫ ይዞ አይቆይም። እንግዲህ የባዕዱን መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ በሐምሌ ሙጫ የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን ውሃ ውስጥ ጣለው ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጀልባውን ነፋስ በሚያገኘው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገልብጦ መመርመርና መፋቅ ነው፤ ማጣበቁ መስቀል ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

ምርመራው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀው ድፍን ይላል። የታመመው ቦታ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ይፋቃል፤ ዙሪያውም የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል በስላሽ ይሞረዳል፤ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስላሹ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ብናኙ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መፋቅ አይገባም። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ጥቂት ቀን መተው ነው፤ ላስቲኩ ከውስጥ ካላበ ገና ነው። ለ1 ኪሎ ሙጫ ማጠንከሪያው ከ10 እስከ 20 ግራም ይበቃል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛት ሙጫውን ዕቃው ውስጥ እንዳለ ያፈላዋል፥ ያጨሰዋልም። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባም ዓይን ያጠፋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ ጀልባ ላይ ይህ ግድግዳ ከውስጡ ኮምፔርሳቶ እንጨት አለው፤ ውሃ በብሎን ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ሲያበሰብስ ከውጭ ምንም አይታይም። ቀለም ቀብቶ «ታድሷል» ማለት እዚህ ላይ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው፤ ግድግዳው የሚገነጠለው ሞተሩ በኀይል ሲሠራ፥ ሰው ተጭኖ ሳለ ነውና። ብሎኑ ተፈትቶ ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ከወጣ እንጨቱ በሙሉ መለወጥ አለበት።

ታድሶ ያለቀ ጀልባ ወዲያው ሰው አይጫንበትም። ሞተሩን ሳያስሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ባዶውን ያሳድሩታል። ማታ ውስጡን በጨርቅ አድርቀው፥ ጎሕ ሲቀድ ከወለሉ ሥር እጅ ሰድደው ይዳብሳሉ፤ እጁ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ጀልባው ወደ ቆርቆሮው ጥላ ይመለሳል።