አንድ መንጋ፣ ሁለት ገበታ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነስቶ የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህ የይፋት ቆላ፣ ከቀወት እስከ ሰንበቴና አጣዬ ባሉ መንደሮች፣ የአንድ ቤት ዶሮዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ብርቅ ነው። እናታቸውን የሚከተሉ ጫጩቶች፣ ገና መጣል ያልጀመረች ቄብ፣ አውራ ዶሮ፣ የአበሻ ዶሮና ከአከፋፋይ የተገዛ ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን በአንድ ግቢ ይጭራሉ፤ ከአንድ ዕቃም ይለቅማሉ። እንቁላሉ ቅርፊቱ እየሳሳ በእጅ ላይ መሰንጠቅ ሲጀምር ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «የእንቁላል ጣይ መኖ ግዙላቸው» የሚል ነው። ምክሩ ጣዮች ብቻቸውን ለሚያድሩበት የዶሮ ቤት ልክ ነው። ለቅይጥ መንጋ ግን የሚሻለው ካልሲየሙን ከመኖው መለየት ነው፦ ለሁሉም ካልሲየሙ አነስተኛ የሆነ የጋራ መኖ፣ ለሚጥሉት ደግሞ በሌላ ዕቃ የሚቀርብ ሻካራ የካልሲየም ምንጭ።

ምክንያቱ ከቅርፊቱ አሠራር ይጀምራል። ቅርፊት ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስድሳ ግራም የሚመዝን እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ቅርፊት፣ በውስጡም ከሁለት ግራም በላይ ካልሲየም ይይዛል። በዶሮዋ መላ አካል ያለው ካልሲየም ደግሞ 20 ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛው አጥንቷ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ እንቁላል እንግዲህ ካላት ካልሲየም አንድ አሥረኛውን ይዞ ይወጣል። ቅርፊቱ ተሠርቶ ለማለቅ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዋናው ሥራ የሚከናወነውም ዶሮዋ ቆጥ ላይ ተኝታ፣ ምንም በማትበላበት ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ ካልሲየም ካለ ከእሱ ትወስዳለች። ከሌለ ለዚሁ ብላ በረጃጅም አጥንቶቿ ውስጥ ካስቀመጠችው ትበደራለች። ብድሩ ሳይመለስ ከቀጠለ አጥንቱ ይደክማል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ይፋት ውስጥ ዶሮ ከጥንት ጀምሮ ሲረባ ማንም ካልሲየም ለይቶ አልሰጠም፤ እንቁላሉም አልተሰባበረም፤ ታዲያ ዛሬ ምን መጣ? የመጣው የምርት መጠን ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በመሃሉ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፣ አጥንቷም ያገግማል። እንቁላሏ ትንሽ ስለሆነ ለ50 እንቁላል የሚወጣባት ካልሲየም ከ75 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ያንን ከቅጠል፣ ከነፍሳት፣ ከቀንድ አውጣና ከአፈር ጭራ ልታሟላ ትችላለች። ቦቫንስ ብራውን ግን በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 ያህል ትጥላለች፤ ይህ ከ600 ግራም በላይ ካልሲየም ይጠይቃል። በየመንደሩ የዶሮ ወኪሎች መበራከታቸውና በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የተሻሻሉ ዝርያዎችን ወደ ቤተሰብ ግቢ እያስገቡ ነው። ዶሮዋ ተለወጠች፤ አመጋገቡ ግን በብዙ ቤት እንደነበረ አለ። የይፋት ዋና እህል የሆነው ማሽላ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ካልሲየሙ ከምንም አይቆጠርም። ፉርሽካም ቢሆን ፎስፈረስ ይበዛበታል፤ ያ ፎስፈረስ የተያዘበት ውህድ ካለው ካልሲየም ላይ ደግሞ ከፊሉን ያስራል።

ታዲያ የጣይ መኖ ገዝቶ ለሁሉም መበተን ለምን አይበቃም? የጣይ መኖ ከመቶ ከ3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም አለው፤ በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ገብቶበታል ማለት ነው። ለጫጩትና ለቄብ የሚበቃቸው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ከዚያ በብዙ ሲያልፍ ትርፉ በኩላሊት መውጣት አለበት፤ በማደግ ላይ ያለ ኩላሊት ደግሞ በዚህ ጫና ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ሰው መኖውን አይጠረጥርም፤ ዶሮዋ ከወራት በኋላ መጣል ስትጀምር ግን ይገለጣል። አውራው በአንጻሩ ይችለዋል፤ ለእሱ ዋናው ነገር በማይጠቅመው ነገር ገንዘብ መባከኑ ነው። የጋራው መኖ የቄብ መኖ ወይም ካልሲየሙ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ እንዲሆን ጥቂት የኖራ ድንጋይ ታክሎበት በቤት የተዘጋጀ የማሽላ፣ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ ሲሆን ማንም አይጎዳም፤ የጎደለውን ጣይዋ ከሁለተኛው ዕቃ ትወስዳለች። በቀን 110 ግራም ያህል እንዲህ ያለ መኖ የምትበላ ዶሮ ከእሱ አንድ ግራም ገደማ ካልሲየም ታገኛለች። ከምትበላው ካልሲየም ወደ ደሟ የሚገባው ግማሹ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ በየቀኑ ለምትጥል ዶሮ ስምንት ግራም ያህል ተጨማሪ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋታል።

ዶሮ ራሷ መጥና ትበላለች ብሎ መተማመን ሞኝነት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ለጨውና ለብዙ ሌላ ነገር ቢሆን ተቃውሞው ልክ ነበር። ካልሲየምን በሚመለከት ግን ጣይ ዶሮ የታወቀ የተለየ ፍላጎት አላት፤ ቅርፊት በምትሠራበት ቀን፣ በተለይም ወደ ማታ፣ ካልሲየም ፈልጋ ትበላለች። ያልደረሰች ቄብ ይህ ፍላጎት እምብዛም የላትም። ጫጩት ግን ያገኘችውን ሁሉ ስለምትሞክር ዕቃውን ከእሷ ቁመት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል።

በዕቃው ውስጥ የሚገባው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምርጡ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ተደርጎ የተሰበረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ደቃቁ ዱቄት ቶሎ አልፎ ሲሄድ ሻካራው ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። የእንቁላል ቅርፊትም ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ በደንብ ተቆልቶና ተሰባብሮ ሲቀርብ ይሠራል። ሙቀቱ ጀርሙን ይገድላል፤ መሰባበሩም ዶሮዋ እንቁላል መሆኑን ለይታ የራሷን መብላት እንዳትለምድ ያደርጋል። የወንዝ ጠጠር ግን ሌላ ነው። የይፋት ተረተር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከእሱ የሚወርደው ጠጠር ዶሮ ሆድ ውስጥ እህል ለመፍጨት ይጠቅማል፣ ቅርፊት ግን አይሆንም። ድንጋዩ ካርቦኔት መሆኑን ለማወቅ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አረፋ ካልደፈቀ አይጠቅምም። ግድግዳ የሚቀባበት የተቃጠለ ኖራ ደግሞ አፍና አንጀት ስለሚያቃጥል በፍጹም አይሰጥም።

ጠንካራው ተቃውሞ የአየሩ ነው፦ በቆላ ቅርፊት የሚያሳሳው ሙቀት እንጂ የመኖ ጉድለት አይደለም የሚለው። እውነትነት አለው። ዶሮ ላብ ስለማታልብ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ታለከልካለች፤ በማለክለክ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የካርቦኔቱ መነሻ ነው። በዚያ ላይ የምትበላው ይቀንሳል። ይሁንና የመጨረሻው ነጥብ የሁለቱን ዕቃ ሐሳብ የበለጠ ያጠናክረዋል። ካልሲየሙ መኖው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ምግብ የቀነሰች ዶሮ ካልሲየምም ቀነሰች ማለት ነው። ለብቻው ከቀረበ ግን ማሽላውን ትታ እሱን መልቀም ትችላለች። ስለዚህ መኖው ማለዳና ወደ ማታ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት ይሰጥ፤ የካልሲየሙ ዕቃ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሞልቶ ይገኝ፤ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይጥፋ።

ሁለተኛው ዕቃ ሁሉን አይፈታም። ዶሮ እያረጀች ስትሄድ እንቁላሏ ይተልቃል፤ ለቅርፊት የምታወጣው ካልሲየም ግን በዚያው ልክ ስለማይጨምር ቅርፊቱ መሳሳቱ አይቀርም። ፈንግልና ሌሎች የመተንፈሻ በሽታዎችም ቅርፊት ያበላሻሉ፤ መከላከያቸው ክትባት ነው። ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ የምትውል ዶሮም ፀሐይ ስለማታገኝ ቫይታሚን ዲ በመኖዋ ካልተጨመረላት የበላችው ካልሲየም አይዋሐዳትም። በይፋት ግቢ ለሚውለው ቅይጥ መንጋ ግን ከማንኛውም ማሻሻያ ቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ከመኖ ግብዓቶች ሁሉ ርካሹ ነውና። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል በታቀፈችው ዶሮ ሥር ይሰበራል፣ ወይም ከመጠን በላይ እርጥበት አጥቶ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ ሰንበቴ ገበያ የሚወሰደውም መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ማሽላው ከተበላና ድካሙ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ለአርሶ አደር የተሻሻለ ቄብ የሚያስረክብ ሁሉ ስለ ክትባቱ እንደሚናገረው ስለ ሁለተኛው ዕቃም አብሮ ሊናገር ይገባል።