የዕለት ማስታወሻና «ከፋኝ» የሚለው ግሥ፦ ከጣና ዳር የተነሣ ሐሳብ

በባሕር ዳር የአማርኛ ድርሰት ሳስተምር በየዓመቱ የማልተወው አንድ ሥራ አለ። ይኸውም እያንዳንዱ ተማሪ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቶ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ በየቀኑ ስለ ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ደብተሩን አላነብም። ገጾቹ መሞላታቸውን ብቻ ተማሪው ራሱ እያገላበጠ ከሩቅ ያሳየኛል፤ ፈቃደኛ የሆነ ደግሞ አንድ ገጽ መርጦ ለክፍሉ ያነባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነበበው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከእንቅልፌ ተነሣሁ፤ ፊቴን ታጠብሁ፤ ቁርስ በላሁ፤ ክፍል ገባሁ፤ ማታ ተኛሁ። ግሡ ሁሉ በአንደኛ መደብ የተረባ ነው፤ ሆኖም «እኔ» የሚባለው ሰው ከገጹ ላይ የለም። ይህ ለምን እንደሚሆንና በልምምድ እንዴት እንደሚለወጥ ለማስረዳት ይህችን መጣጥፍ ጽፌአለሁ።

ነገሩን ከስያሜው እንጀምር። «ዲያሪ» የሚለው ቃል በከተሞቻችን «አጀንዳ» ከምንለው የቢሮ መዝገብ ጋር ስለሚቀላቀል፣ እዚህ «የዕለት ማስታወሻ» እለዋለሁ። ከቅርብ ዘመዶቹም መለየት ይገባዋል። ዜና መዋዕል ስሙ እንደሚያመለክተው የቀናት ወሬ ነው፤ ነገር ግን ቀናቱ የንጉሡ ናቸው፤ ጸሐፊው ከንጉሡ ጀርባ ይቆማል። ግለ ታሪክ የባለቤቱ ነው፤ ሆኖም የሚጻፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጸሐፊው የታሪኩን ፍጻሜ አስቀድሞ ያውቃል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ስናነብ፣ የጣሊያን ወረራ እንዴት እንዳበቃ የሚያውቅ ሰው እየነገረን መሆኑን አንረሳም። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ግን ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ዛሬ አንድ መስመር የሰጠው ነገር ከወር በኋላ ሕይወቱን የሚለውጥ፣ ሦስት ገጽ ያለቀሰበት ደግሞ በሳምንቱ የሚረሳ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ዋጋ ካለማወቁ የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ላክል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታቸውን ሲጽፉ «ካየሁትና ከሰማሁት» ብለው የዘመኑን ታሪክ ለብቻ፣ «ስለ ራሴ የማስታውሰው» ብለው የግላቸውን ለብቻ ከፍለዋል። ይህ አከፋፈል ብዙ ይናገራል። ዐይንና ጆሮ ለዘመኑ ይመሰክራሉ፤ ስለ ራስ መናገር ግን ሌላ ደብተር፣ ምናልባትም ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ጣና ዳር ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ይህ ዳርቻ በጽሑፍ ደሃ አይደለም። የዳጋ እስጢፋኖስ፣ የጣና ቂርቆስ፣ የክብራን ገብርኤልና የናርጋ ሥላሴ ስም በታሪክ ተመራማሪ ዘንድ ከብራና ጋር የተያያዘ ነው። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በቆራጣ ደግሞ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ጽፏል። ቅድስቲቱ ያረፈችው በ1642 ነውና ገድሉ የተጻፈው ከ30 ዓመት በኋላ፣ ከሚያውቋት ሰዎች አንደበት ተሰብስቦ ነው። ቍጣዋንና ኀዘኗን፣ ከባሏ ቤት የወጣችበትን ቆራጥነት እናያለን፤ የምናየው ግን በሌሎች ዐይን ነው። የውጭ አገር ሰዎችም በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ውሏቸውን ሲመዘግቡ ኖረዋል። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም ደሴቶቹን ሲዞር የቀኑን ነገር በቀኑ ይጽፉ ነበር። ታንኳውን የሚቀዝፍላቸው ባላገር ያን ቀን ምን እንዳሰበ የጻፈ ግን አላገኘሁም።

አንድ የተለየ ጽሑፍ አለ፤ እርሱም የሚያከራክር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንፍራዝ ተቀምጦ ጻፈው የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ ሰው ለብቻው ሆኖ ራሱን የሚጠይቅበት ድርሰት ነው። የእጅ ጽሑፉን ለአንቷን ዳባዲ የላከው ካፑቺናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ሳይደርሰው አልቀረም ብሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ከጻፈ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም፤ ክላውድ ሰምነርን የመሰሉ ሊቃውንት ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟግተዋል። እዚህ ፍርድ አልሰጥም። የሚገርመኝ ግን ከሙግቱ ሥር ያለው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ዘመን፣ በዚህ ሐይቅ አጠገብ፣ አንድ ሰው «እኔ» ብሎ ተነሥቶ ልቡን ሊመረምር ይችል ነበር ወይስ አይችልም? ክርክሩ የትም ይድረስ፣ ቃሉን ልንበደረው እንችላለን። ሐተተ ማለት በግእዝ መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ከተማሪዎቼ የምፈልገው የቀኑን ዝርዝር ሳይሆን የቀኑን ሐተታ ነው።

ሐተታው ከየት ይጀመራል? እኔ የምጀምረው ከሰዋስው ነው፤ ምናልባት የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል። የአማርኛ የስሜት ግሦች ጠባይ ልዩ ነው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ፣ ቅር አለኝ፣ ናፈቀኝ፣ ሰለቸኝ እንላለን። በነዚህ ሁሉ «እኔ» የግሡ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለሁም። አንድ ነገር መጥቶ ያዘኝ፤ ያ ነገር ማን እንደሆነ ግን ግሡ አይናገርም። «ከፋኝ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አድማጭም «ምን ከፋህ?» ብሎ ካልጠየቀ በቀር የከፋኝ ነገር ሳይታወቅ ያልፋል። በንግግር ጊዜ ጠያቂ አለ፤ እናት፣ ጓደኛ፣ የቡና ጎረቤት ይጠይቃል። በደብተር ላይ ግን ጠያቂው ራሱ ጸሐፊው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን «ከፋኝ» ብላችሁ ነጥብ አታስቀምጡ፤ ለግሡ ባለቤት ፈልጉለት እላቸዋለሁ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለማስረጃ ከራሴ ደብተር አንድ ቀን ልጥቀስ። መጀመሪያ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፤ «ገበያ ሄድሁ። ዝናብ ያዘኝ። ተመለስሁ። ቅር ብሎኛል።» ማታ ተመልሼ ባለቤቱን ስፈልግለት የሚከተለው መጣ፤ «ዝናብ ሲይዘኝ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከላስቲኳ ሥር አስጠለለችኝ። ለእኔ ቦታ ስትለቅ ግማሹ ሽንኩርቷ ረጠበ። ዝናቡ ሲያባራ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሄድሁ እንጂ አልገዛኋትም። ገንዘብ ነበረኝ። ሽንኩርትም ያስፈልገን ነበር። ያልገዛሁት መምህር ሆኜ ሽንኩርት አንጠልጥዬ ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ብዬ ነው።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው በቋንቋ የተዋበ አይደለም። ነገር ግን ቅር ያለኝ ዝናቡ እንዳልነበረ አውቄበታለሁ። በማግሥቱ ሄጄ ገዛኋት፤ እርሷ ግን አላስታወሰችኝም።

ስለ ልማዱ አመሠራረት ጥቂት ልበል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይተዋል። ጥናቱ በምግብ፣ በመጠጥና በአካል እንቅስቃሴ ላይ ያተኮረ ስለሆነ በጽሕፈት ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። ሁለት ነገር ግን ከክፍሌ ልምድ ጋር ይገጥማል። አንደኛው፣ አዲሱ ድርጊት ቀድሞ ከነበረ ነገር ጋር ሲታሰር ይጸናል። «ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» ያለ ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት ያቆማል፤ «የማታው ቡና ሦስተኛው ሲወርድ እጽፋለሁ» ያለች ግን ትቀጥላለች። እኔ የምጽፈው ንጋት ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ዞሬ ስመለስ፣ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ማለፍ ልማዱን አያፈርሰውም። ተማሪዎች ግን አንድ ቀን ሲዘሉ ዕዳ እንደ ተጠራቀመባቸው ቆጥረው ደብተሩን ይሸሹታል፤ ይባስ ብሎም ያለፈውን ሳምንት በአንድ ሌሊት ፈጥረው ይሞሉታል። ቀለሙ አንድ ስለሆነ ከሩቅም ያስታውቃል።

ጽሕፈቱ ሁልጊዜ ዕረፍት ይሰጣል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት 15 ደቂቃ ያህል ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ሲያስጽፉ፣ ድርጊቱንም ስሜቱንም አያይዘው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አንሶ ተገኝቷል። ጽፈው በተነሡበት ሰዓት ግን ከሌሎቹ ይልቅ ከፍቷቸው ነበር። ይህን ለተማሪ አስቀድሞ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው። ጽፎ ያለቀሰ ተማሪ ሥራው የተበላሸበት እንዳይመስለው፣ የማይችለው ሲሆንም እንዲያቆም ሊፈቀድለት ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ገጹን ሲያነብ ሁሉም ነገር በሰምና ወርቅ የታሸገ ሆኖ አገኘሁት። ለራስህ ብቻ በጻፍኸው ደብተር ላይ ከማን ትደበቃለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ደብተሩ ቢጠፋስ?» አለኝ። ብዙዎች ሰምና ወርቅን የአእምሮ ምጥቀት ብቻ አድርገው ያሞግሱታል፤ እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ የሥጋት ቅሪት ሆኖ ይታየኛል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት የሞላው የዕለት ማስታወሻ ነበረኝ። ታላቅ ወንድሜን «ወንድም ጋሼ» እለው ነበር፤ ማታ ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ይወስደኝና ደንገሉ አጠገብ ተቀምጠን ብዙ ያጫውተኛል፤ ቤት ስገባ የነገረኝን እጽፋለሁ። አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን እናቴ በቤት ያለውን የተጻፈ ነገር ሁሉ ሰብስባ ምጣድ ሥር ጨመረችው፤ የእኔም ደብተር አብሮ ነደደ። ወረቀት ምስክር ነው፣ አንተንም ይወስድብኛል አለችኝ። በዚያ ዘመን በብዙ ቤት የተደረገ ነው፤ እናቴንም አልወቅስም፤ እኔ ቀርቼላታለሁና። ከዚያ በኋላ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ስለ ራሴ አንድ መስመር አልጻፍሁም። ወንድሜ በመጨረሻው ምሽት ስለ አንድ ጉዳይ ምክር ጠይቆኝ ነበር። እኔን፣ ልጁን፣ መጠየቁ ደንቆኝ መጻፌን አስታውሳለሁ። የጠየቀኝ ምን እንደነበር ግን ጠፍቶብኛል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፣ ኢንተርኔትም ለረዥም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ያ የተማሪው ጥያቄ በክፍሌ እንደገና ተነሣ። ጻፉ ብዬ ማዘዝ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አሰብሁ። በስተመጨረሻ ሥራውን በፈቃድ አደረግሁት፤ ማርክም አነሣሁለት። የሚጽፉትን የሰው ስም እንዳታስገቡ፣ ስለ ሌላ ሰው ያያችሁትን ትታችሁ በራሳችሁ ልብ ያለፈውን ብቻ ጻፉ አልኋቸው። አንዲት ተማሪ ይህን ሰምታ፣ «ሌላ ሰው የሌለበት ልብ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ናት። የመለስሁላት መልስ አልነበረኝም፤ በዚያው ቀን በደብተሬ ጻፍሁት እንጂ። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ሥራውን ተዉት፤ የቀሩት ግን ከማውቃቸው ተማሪዎች ሁሉ ይልቅ ረዥም ጻፉ።

እኔም ስለዚያ የሐይቅ ዳር ምሽት ደጋግሜ ጽፌአለሁ። ደንገሉ፣ የውሃው ሽታ፣ ወንድም ጋሼ ጠጠር እየወረወረ ሲያወራ ይመጣልኛል። ነገር ግን ይህ ትዝታ እንጂ የዕለት ማስታወሻ አይደለም፤ ፍጻሜውን የሚያውቅ ሽማግሌ የጻፈው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ ከገጹ አናት ሁለት ቀን አሰፍራለሁ፦ ነገሩ የሆነበትን ከላይ፣ የጻፍሁበትን ከሥሩ። ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስለምዳቸዋለሁ።