አረንጓዴው ማትሪክ

በጀርመን አጋዘን ማደን የሚፈልግ ሰው ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው የጽሑፍ፣ የተኩስ፣ እንዲሁም የቃልና የተግባር ክፍል አለው። ጀርመኖች በቀልድም በቁም ነገርም «አረንጓዴው አቢቱር» ይሉታል፤ አቢቱር እኛ ማትሪክ ስንለው የኖርነው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ነው። በባየርን ክፍለ ግዛት ተፈታኙ ከ120 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት መከታተል ይጠበቅበታል። የእንስሳቱ ጠባይ፣ ደኑ፣ የጦር መሣሪያ ሕጉ፣ የአደን ውሻው፣ የሥጋው ንጽሕና፣ ሁሉም ይጠየቃል። በደራሲዎቻቸው ስም «ብላዜ» እና «ክሬብስ» እየተባሉ የሚጠሩት ወፋፍራም የመማሪያ መጻሕፍት በየጊዜው እየታደሱ እስከ ዛሬ ከተፈታኝ እጅ አልወጡም።

አጋዘን ስንል ግን የትኛውን? በ10 ሳንቲማችን ላይ የምናየው የደጋ አጋዘን ቀንዱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ወገኑም ከእነ በሬና ፍየል ነው። የአውሮፓው አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ከእነዚህ ውስጥ ጀርመኖች በብዛት የሚያድኑት «ሬ» የሚሉትን ትንሹን ዓይነት ነው። ክብደቱ ከ30 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይታደናል።

ስለዚህ ትንሽ እንስሳ ከሚጠየቁት ሁሉ የሚገርመኝ የእርግዝናው ነገር ነው። ወንድና ሴቴ የሚገናኙት በሐምሌና በነሐሴ መግቢያ ነው፤ ግልገል የሚወለደው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ። ፍየል ለምታህል እንስሳ ይህ ከመጠን በላይ ረጅም ነው። የጥንት አዳኞችም ነገሩ ግራ ስለገባቸው እውነተኛው መገናኛ ወቅት በቅዝቃዜው ወራት መሆን አለበት ይሉ ነበር። ቴዎዶር ቢሾፍ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው ጥናት የሬን ጽንስ አስተዳደግ ዘርዝሮ አሳየ፦ ጽንሱ እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ድረስ እምብዛም ሳያድግ ይቆያል፤ በፍጥነት የሚያድገው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጽሐፉ ዕውቀት ጫካ ውስጥ የሚፈተነው በረዶ ሲወርድ ነው። ወንዱ ቀንዱን የሚጥለው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ስለሆነ በታኅሣሥ ወንዱም ሴቷም ባዶ ራስ ሆነው ይቆማሉ። ያልተማረ ዓይን አይለያቸውም። የተማረው ከኋላ ያለውን ነጭ ምልክት ያያል፦ የወንዱ ኩላሊት ይመስላል፤ የሴቷ የልብ ቅርጽ ይዞ ከሥሩ የጸጉር ጉንጉን ይንጠለጠልበታል። ግልገል የምታሳድግ እናት ደግሞ በሕግ አትነካም፤ የገደላት ሰው በወንጀል ይጠየቃል። በመስከረም ብቻዋን የምትታይ ሴቴ ግልገሏን ሣር ውስጥ አስተኝታ ሊሆን ስለሚችል አትመታም፤ አዳኙ ሁለቱን አንድ ላይ ካገኘ ግን መጀመሪያ ግልገሉን ከዚያ እናቲቱን እንዲመታ ይማራል። ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። እናቱን ያጣ ግልገል ግን ቀስ በቀስ በረሃብና በብርድ ይማቅቃል።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ትምህርት ከዚህም ይበልጣል። እንስሳው የተመታበት ቦታ ላይ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ ያለው ደም ከተገኘ ጥይቱ ሳንባ መትቷል፤ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ነው። አረንጓዴ የተላመጠ ቅጠል ከደሙ ጋር ከታየ ግን ጨጓራ ተመትቷል፤ ወዲያው የተከተለ ሰው የቆሰለውን እንስሳ ያርቀዋል። ስለዚህ ለሰዓታት ይጠበቃል፤ ከዚያ በገመድ የተያዘ አነፍናፊ ውሻ ፈለጉን ይከተላል። ይህን ሁሉ በልምድ ብቻ ልማረው የሚል ሰው የትምህርቱን ዋጋ የሚያስከፍለው እንስሳውን ነው። የፈተናው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጥይቱም ቢሆን በዘፈቀደ አይመረጥም። ሬን የሚመታ ጥይት በ100 ሜትር ርቀት ቢያንስ 1,000 ጁል ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ ለትልልቆቹ 2,000 ጁልና ከ6.5 ሚሊሜትር ያላነሰ ውፍረት ያስፈልጋል። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ አጋዘን ማደን ክልክል ነው።

ፈተናው በመላ አገሪቱ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1934 በናዚ ዘመን በወጣው የአደን ሕግ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1952 የወጣው የፌዴራል ሕግም ፈተናውን አላስቀረም። ዛሬ የሚያከራክረው ሌላ ነው። በየአካባቢው የአዳኞች ማኅበር የሚሰጠው ትምህርት ወራት ይፈጃል፤ የግል ትምህርት ቤቶች ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ጨርሰው ተማሪውን ለፈተና ያቀርባሉ። ጥያቄና መልስ በቃሉ የያዘ ሰው ሊያልፍ ይችላል። ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ማስተዋል፣ የሰዓታት ዝምታ፣ የቆመውን እንስሳ ከሩቅ ለይቶ «ይህ አይመታም» ማለት ግን በሦስት ሳምንት አይገባም። ስለ ሬ ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው ፈርዲናንድ ፎን ሬስፌልድ ራሱ በባልቲክ ባሕር ዳር በዳርስ ደን ውስጥ የደን ሹም ነበር፤ መጽሐፉንና ጫካውን ነጣጥሎ አላያቸውም።

ፈቃድ ያገኘ ሰውም ወዲያው ጫካ አያገኝም። በጀርመን የማደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው፤ የአደን ቦታ ለመከራየት ደግሞ የዓመት ፈቃድ ይዞ ሦስት ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። እስከዚያ አዲሱ አዳኝ በሌላ ሰው ቦታ በእንግድነት ያድናል። ጀርመን ውስጥ የምትኖሩና ፍላጎቱ ያላችሁ ረጅሙን የማኅበሩን ትምህርት ምረጡ፤ በኋላ በእንግድነት የሚቀበሏችሁ ሰዎች የሚገኙት እዚያ ነው።