ሁሉም ነገር ጨጓራ አይደለም

ከመካከላችን አንዱ “ምግብ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል” ሲል ሐኪሞቹ እኛው ነን። አንዱ “ጨጓራ ነው” ይላል፣ ሌላው ተልባ ያዛል፣ ሦስተኛው “የስደት ሐሳብ ነው” ብሎ ይደመድማል። ጨጓራ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ጨጓራ ካልሆኑት አንዱ፣ ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም፣ ከእናት ማህፀን ይዘነው የምንወለደው በምግብ ማውረጃ ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚገኝ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ሐኪሞች ሲስት ይሉታል። በጽንስ የመጀመሪያ ሳምንታት የምግብና የአየር ቧንቧዎች የሚበቅሉት ከአንድ ግንድ ነው። ያኔ ተነጥላ የቀረች ቅንጣት የራሷን ከረጢት ትሠራለች። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰር የሚለወጠውም እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ብዙዎች ሳያውቁት ያረጃሉ። ሌሎች ጠጣር ምግብ መዋጥ ያቅታቸዋል፣ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ወይም የማይለቅ ሳል ይይዛቸዋል። አንዳንዴም ለቪዛ ወይም ለሥራ ፈቃድ በተነሳ የደረት ራጅ ላይ ጥላ ሆኖ ይገኛል። ከአገራችን በመጣ ሰው ደረት ላይ ጥላ ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ መመርመሩም ተገቢ ነው። ምርመራው ነጻ ካወጣን ግን “ታዲያ ይህ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ሲቲ ስካን ቦታውንና መጠኑን ያሳያል። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ጤነኛ ሆኖ ከሥር ማበጡን ያሳያል። እብጠቱ ፈሳሽ ይሁን ጠጣር በይበልጥ የሚለየው ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፒ ነው። በመርፌ መቅዳት ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል ምስሉ ግልጽ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ይተዉታል።

ሕመም ካለው መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት በሰፊው ሳይከፈት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ከረጢቱን ፈልቅቆ ማውጣት ይቻላል። ፈሳሹን ብቻ መቅዳት አይበቃም፤ መልሶ ሊሞላ ይችላል። ሕመም ከሌለው ሐኪሞች ይለያያሉ፤ አንዳንዱ “ሊመረቅዝ ወይም ሊደማ ስለሚችል ይውጣ” ይላል፣ ሌላው “በየጊዜው እየታየ ይቆይ” ይላል። ሁለቱንም ሰምቶ መወሰን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ለመወሰን ግን መስማማት፣ ለመስማማትም መግባባት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ልጅን የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አናስገድደው።

በተለይ መዋጥ እየከበደ፣ ክብደት እየቀነሰ ከሄደ አንድ ቀን አይታደር። የምግብ ቧንቧ ካንሰርም የሚጀምረው እንዲሁ ነውና፣ ለዚህ ተልባ አይበቃም።