ሰው የዘነጋውን መዝገብ ያስታውሳል፦ የአንድ ጭነት አብሽ ጉዞ

አብሽ በመካከለኛው ምሥራቅም ሆነ በኢትዮጵያ ከጓዳ የማይጠፋ ዘር ነው። ዐረቦች ሑልባ ይሉታል፤ ሐረሪዎች ሑልበት እያሉ በማዕዳቸው ያቀርቡታል፤ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ተፈጭቶና በውኃ ተመትቶ ይጠጣል። ለጤና በጎ ነው እየተባለ የሚወደሰው ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን 54 ሰዎችን ለሞት ከዳረገ የምግብ ወለድ ወረርሽኝ ጋር ስሙ ተነሥቷል። መርማሪዎችን እስከ ዘሩ ያደረሳቸው የቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ አልነበረም። ደረሰኝ፣ የጭነት ሰነድና እነዚህን አሰባስቦ ያገናኘ የመረጃ ትንተና ነበር።

በስሕተት የተከሰሰው ኪያር

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ጀርመን ነው። ሜይ 19 ቀን 2011 በሃምቡርግ ከተማ ሦስት ሕፃናት ኩላሊትን በሚጎዳ ከባድ ሕመም መያዛቸው ለአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም፣ ለሮበርት ኮኽ ኢንስቲትዩት፣ ተነገረ። የሕመሙ መንሥኤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አደገኛ ዝርያ ነበር። በቀናት ውስጥ የሰሜን ጀርመን ሆስፒታሎች በታማሚዎች ተጨናነቁ። ወረርሽኙ እስኪገታ ድረስ በጀርመን 3,816 ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ 845ቱ በከባዱ የኩላሊት ሕመም ተይዘዋል። ከባዱ ሕመም ካገኛቸው መካከል አብዛኞቹ ቀድሞ ጤናማ የነበሩ ጎልማሶች፣ በተለይም ሴቶች ነበሩ።

ሕዝብ በፍርሃት ተውጦ መልስ ይጠብቅ ነበርና ሜይ 26 ቀን የሃምቡርግ የጤና ባለሥልጣናት ከስፔን በገባ ኪያር ላይ አደገኛ ኢ. ኮላይ መገኘቱን አስታወቁ። ከአምስት ቀን በኋላ ግን ተጨማሪ ምርመራ በኪያሩ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ሰዎችን ከገደለው ዝርያ የተለየ መሆኑን አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ወሬው አስቀድሞ ገበያውን አዳርሶ ነበር። የስፔን ገበሬዎች ያለ ጥፋታቸው ምርታቸውን ለመጣል ተገደዱ። የአገሪቱ ላኪዎች ኪሳራቸውን በሳምንት 200 ሚሊዮን ዩሮ ገመቱት። ሩሲያም ጁን 2 ቀን ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚመጣ ትኩስ አትክልት እንዳይገባ አገደች። የአውሮፓ ኅብረት ለተጎዱ አትክልት አምራቾች ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሣ ለመመደብ ተገድዷል።

የወጥ ቤቱ ምስክርነት

ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት የሰው ትዝታ ደካማነት ነው። መርማሪዎች ታማሚዎችን ባለፉት ቀናት ምን እንደበሉ ሲጠይቋቸው ቲማቲም፣ ኪያርና ሰላጣ ብለው መለሱ። በሰላጣው ላይ ለማስዋቢያ የተነሰነሰውን ጥቂት ቡቃያ፣ ማለትም በውኃ ተነክሮ የበቀለ ዘር፣ መብላታቸውን ያስታወሱት በአንድ ጥናት ከአራት ታማሚዎች አንዱ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ተመጋቢውን መጠየቁን ትተው ወደ ሰነድ ዞሩ። ብዙ ታማሚ የወጣበትን አንድ ምግብ ቤት መርጠው በቡድን የመጡ እንግዶችን የምግብ ትእዛዝ፣ ደረሰኝና በማዕድ ዙሪያ የተነሡትን ፎቶግራፍ ሰበሰቡ። ከዚያም ወጥ ቤቱን እያንዳንዱ ምግብ ከምን ከምን እንደተሠራ ጠየቁ። በ10 ቡድኖች ውስጥ ከነበሩት 152 ሰዎች መካከል የታመሙት 31 ሲሆኑ፣ ሁሉም ቡቃያ ያለበት ምግብ የቀረበላቸው ነበሩ። ቡቃያ የቀረበለት ሰው የመታመም ዕድሉ ካልቀረበለት ሰው ከ14 ጊዜ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመጋቢዎቹ የዘነጉትን ነገር ወጥ ቤቱና ደረሰኙ መሰከሩ።

በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ ቡድን ሰዎች በአንድነት የታመሙባቸውን 41 ቦታዎች፣ ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና የሠራተኛ መመገቢያዎችን፣ ወደ ኋላ ይከታተል ነበር። የእያንዳንዱ ቦታ የግዢ ሰነድ ተመርምሮ መንገዶቹ ሁሉ በታችኛው ሳክሶኒ ግዛት ወደሚገኝ አንድ የቡቃያ ማምረቻ አመሩ። ጁን 10 ቀን ባለሥልጣናቱ ምንጩ ቡቃያ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቁ።

ሁለት ከተሞችን ያገናኘው ቁጥር

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጁን 24 ቀን በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ አቅራቢያ በዚያው የባክቴሪያ ዝርያ የታመሙ ሰዎች መገኘታቸው ተነገረ። እነዚህ ሰዎች ከጀርመኑ ማምረቻ የመጣ ነገር አልበሉም። የበሉት ቡቃያ እዚያው ከችርቻሮ ከተገዛ ዘር የበቀለ ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ ከማብቀያው ሳይሆን ከዘሩ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ጥርጣሬ በረታ።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የየአገሩን ባለሙያዎች አሰባስቦ የሁለቱን ቦታዎች የዘር ግዢ በአንድ የመረጃ ቋት አስገብቶ አነጻጸረ። ሁለቱን ያገናኘው የጋራ ዘር አብሽ ሆነ፤ የጭነቱም መለያ ቁጥር 48088 ነበር። ይህ 15,000 ኪሎ ግራም አብሽ በ2009 መጨረሻ ከግብጽ ዳሚየታ ወደብ ተነሥቶ፣ በአንትወርፕና በሮተርዳም በኩል አልፎ ጀርመን የገባ ነው። ከዚያ ውስጥ 75 ኪሎ ግራም ያህሉ ለታችኛው ሳክሶኒው ማምረቻ ደረሰ። ሌላው ክፍል ወደ እንግሊዝ ተልኮ በ50 ግራም ፓኬት ታሽጎ በፈረንሳይ ተሸጠ። ጁላይ 5 ቀን የወጣው ሪፖርት ሁለቱን ወረርሽኞች የሚያገናኘው ከሁሉ ይልቅ ሊሆን የሚችለው ይህ ጭነት ነው ሲል ደመደመ። ኅብረቱም ከግብጽ የሚገቡ አንዳንድ ዘሮችን ለጊዜው አገደ።

የግብጽ ባለሥልጣናት መደምደሚያውን አልተቀበሉም፤ ለመቃወሚያቸውም መነሻ ነበራቸው። ከዘሩ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ገዳዩ ባክቴሪያ አልተገኘም። ማስረጃው ከሰነድ ጋር ሰነድን በማያያዝ የተገነባ ነበር። ሰነዱ ጭነቱ የት የት እንዳለፈ አሳየ እንጂ በየትኛው ቦታ፣ በማን እጅ እንደተበከለ አልተናገረም። የምርት ዱካ ክትትል ኃይሉም ወሰኑም በዚህ ይታያል።

ከወረቀት ወደ መረጃ ቋት

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2005 ጀምሮ ማንኛውም የምግብ ነጋዴ ሸቀጡን ከማን እንደገዛና ለየትኛው ድርጅት እንደሸጠ እንዲያውቅ ያስገድዳል። ችግሩ እያንዳንዱ ነጋዴ የሚያውቀው ከኋላውና ከፊቱ ያለውን አንድ እርምጃ ብቻ መሆኑ ነው። ሙሉውን ሰንሰለት ለማየት መርማሪው ከደጅ ወደ ደጅ መዞር አለበት። ከአብሹ ወረርሽኝ በኋላ በ2013 የወጣ ደንብ በቡቃያና ለቡቃያ በሚውል ዘር የሚነግዱ ሁሉ የጭነቱን መለያ ቁጥር፣ መጠኑን፣ የተላከበትን ቀንና የላኪና የተቀባይ ስም እንዲመዘግቡ አዘዘ።

መዝገቡ በጋራ የመረጃ ቋት ሲቀመጥ የሚያመጣውን ለውጥ አንድ ታላቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ ያካሄደው ሙከራ ያሳያል። ድርጅቱ አንድ ፓኬት የተቆራረጠ ማንጎ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ በተለመደው መንገድ ለማወቅ ስድስት ቀን ከ18 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ፈጀበት። መረጃው አስቀድሞ በጋራ ቋት ሲገባ ግን መልሱ በ2.2 ሰከንድ ተገኘ። በወረርሽኝ ጊዜ ስድስት ቀን ማለት ተጨማሪ ታማሚዎች ማለት ነው።

ሆኖም መዝገብ የሚታመነው የሚሞላው ሰው የታመነውን ያህል ነው። በጃንዋሪ 2013 የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የበሬ ሥጋ ተብለው ከሚሸጡ 27 የበርገር ዓይነቶች በ10ሩ የፈረስ፣ በ23ቱ የአሳማ ዘረ መል ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሌላ ነበር። በአብሹ ጉዳይ ቤተ ሙከራ ያላገኘውን ሰነድ አገኘ፤ በዚህኛው ደግሞ ሰነድ የሸሸገውን ቤተ ሙከራ ገለጠው። ለሐላል ምግብ ለሚጠነቀቅ ሸማች አንዱ ያለ ሌላው አይበቃውም።

የአፍሪቃ ቀንድና የባሕረ ሰላጤው ገበያ

ዱካ የሌለው ምርት የሚያስከትለውን ዋጋ የአፍሪቃ ቀንድ አርብቶ አደሮች ያውቁታል። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በተከሠተ ጊዜ ከቀጠናው የሚመጡ የቁም እንስሳት ታገዱ። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተነድተው በበርበራ ወደብ የሚሻገሩ በጎችና ፍየሎች ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው ስለሚጫኑ የጤነኛውን መንጋ ከተጠረጠረው ለይቶ ማሳየት አዳጋች ነበር። እገዳው ለዓመታት ሲዘልቅ ኑሮው በሐጅና በዒድ ገበያ ላይ የተመሠረተው ቤተሰብ ሁሉ ተጎዳ። በጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ቁጥር ያለው ምልክትና ከእርሱ ጋር የተያያዘ መዝገብ በሽታን ባያስቀርም፣ የአንዱ አካባቢ ችግር የሁሉም ቅጣት እንዳይሆን መለያ ይሰጣል።

ጉዳዩ ወደ ሸማቹ ቤትም ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬ፣ ሽሮና አብሽ እየተካፈሉ ይጠቀማሉ። ይህ የዘመድ ፍቅር የተጨመረበት ስንቅ የጭነት ቁጥር የለውም፤ የላከውን ሰው ማመን ብቻ ነው መዝገቡ። ከሱቅ በሚገዛው ላይ ግን የምርት ቀን፣ የአምራቹ ስምና የጭነት መለያ ቁጥር ሊኖር ይገባል። ፓኬቱን ሳይጨርሱ አለመጣል፣ ወደ ሌላ ዕቃ የገለበጡም እንደ ሆነ ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ማስቀመጥ ቀላል ጥንቃቄ ነው። አንድ ቀን የጤና መርማሪ መጥቶ ምን እንደበሉ ቢጠይቅ፣ ትዝታ የሳተውን ያ ቁራጭ ሊመልስ ይችላል።