መድኃኒቱን መፍራትና መድኃኒቱን መተው



በፔዳም ሆነ በፖሊ ግቢ ስለ ወባ ኪኒን በግልጽ እንነጋገራለን፤ ስለ አእምሮ መድኃኒት ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል። ከዝምታውም የተነሣ አንዱ ኪኒኑን ከትራሱ ሥር ይደብቃል፤ ሌላው እጁ ሲንቀጠቀጥ ወይም ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለው ለማንም ሳይናገር ይተወዋል። እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ሐኪሞች የጻፉትንና ሁላችንም ልናውቀው የሚገባውን በአጭሩ ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል።

በመጀመሪያ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ፥ ሃሎፔሪዶል ደግሞ በ1958 በቤልጂየም ከተሞከሩ ወዲህ ብዙ ሕሙማን ከተዘጋ ክፍል ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ነገር ግን እነዚሁ መድኃኒቶች እጅን ሊያንቀጠቅጡ፥ ሰውነትን ሊያገትሩ፥ ተቀምጦ መዋልን የሚከለክል መቅበጥበጥ ሊያመጡ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፥ ይልቁንም በወጣት ወንዶች ላይ፥ አንገት የሚጣመምበት፥ ዓይን ወደ ላይ የሚሰቀልበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ዘመድ «ያደረበት ተነሣ» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ግን የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤ ሕመምተኛው ቶሎ ሐኪም ቤት ቢደርስ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። ለድባቴ የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሴቲን ጥቅማቸው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ሲሆን፥ የአፍ መድረቁ፥ ማቅለሽለሹና የእንቅልፉ መዛባት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምራል። እንግዲህ ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ስለሚዘገይ፥ ብዙ ሰው በሁለቱ መካከል ተስፋ ቆርጦ ያቆማል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን ከሚያቋርጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን ረኃብ የሚያስታግስ በቂ ምግብ ማጣት ነው። በሰዓት በተወሰነ የካፌ ምሳና እራት የሚኖር ተማሪ ይህን ሳይተረጐምለት ይረዳዋል።

አራተኛው የአገራችን አየርና ልማድ ነው። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላልና፥ በጣና ዳር በቀትር ሲሄድ ጥላ ወይም ባርኔጣ ያስፈልገዋል። ሊቲየም የሚወስድ ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ብዙ ቢያልበው፥ ወይም ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው፥ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ከዐቢይ ጾም፥ ሙስሊሙም ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የታዘዘላት እኅት በበኩሏ፥ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፥ ይህን ጉዳይ ሳትጠይቅ አትለፍ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔው ሐኪሙ ዘንድ ሞልቷል፤ መጠኑን መቀነስ፥ ከጠዋት ወደ ማታ ማዛወር፥ ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲልን የመሰለ ማርከሻ መጨመር፥ ወይም መድኃኒቱን በሌላ መለወጥ ይቻላል። ለዓመታት ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ የአፍና የምላስ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ ግን ሳይለቅ ሊቀር ስለሚችል፥ ገና ሲጀምር መናገር ይበጃል። ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቃዠት ጋር ቢመጣ ወይም ሊቲየም የሚወስድ ሰው ቢያስመልሰውና ቢንገዳገድ፥ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

በድንገት መተው የሚያታልል ነገር አለው። ያቆመ ሰው በመጀመሪያ ቀለል ይለዋል፤ እጁ ይረጋል፥ እንቅልፉ ይቀንሳል፥ «እንግዲህ ድኛለሁ» ይላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ፥ ያኔ ነገሩን ከመተዉ ጋር የሚያያይዘው አይገኝም። የፈተና ወቅትም አይጠብቅለትም።

በጣና ዳር ሆኖ ስለ ጠበል አለማንሣት አይቻልም። መጠመቅና ኪኒን መዋጥ አብረው ይሄዳሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ሰው ለሱባዔ ሲገባ ኪኒኑ ዶርም ሲቀር ነው።

ጓደኛዬ ሆይ፤ ቀጠሮህ በፈለገ ሕይወትም ይሁን በጥበበ ጊዮን፥ ከመሄድህ በፊት የተሰማህን፥ መቼ እንደ ጀመረህና ኪኒኑን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ በቁራጭ ወረቀት ጻፍ። የፍትወት መቀነስን የመሰለ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ቢኖር ወረቀቱን ብቻ አቀብል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ የመድኃኒቱንም ጉዳት የደበቀ እንደዚሁ ነው።