የ«ነፃነት» ሰባኪው በሳንቲያጎ አዳራሾች

በመደብ በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ የንግግር መድረክ ራሱን በራሱ አያቆምም። ጋባዥ አለው፤ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ አለው፤ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ ዘበኛም አለው። ስለዚህ አንድ ስመ ጥር ተናጋሪ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር፣ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ የሰውየውን ቃል ከማድመጥ ጋር ማን እንዳመጣውና እነማን ፊት እንደቆመ መጠየቅ ይገባዋል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን በቺሊ ያደረጋቸው ሁለት ጉዞዎች ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ማስረጃ ያቀርባሉ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሪድማን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። በ1962 ባሳተመው «ካፒታሊዝምና ነፃነት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ መንግሥት ከገበያው እጁን ያውጣ፣ ዋጋንም ደመወዝንም ገበያው ይወስን የሚለውን ሊበርታሪያን የሚባለውን አስተሳሰብ ለሰፊ አንባቢ አቀረበ። ከ1966 ጀምሮ በኒውስዊክ መጽሔት ቋሚ ዓምድ ነበረው። ገና በ1946 ጆርጅ ስቲግለር ከተባለው ባልደረባው ጋር ሆኖ የቤት ኪራይ ቁጥጥርን የሚቃወም አንድ ትንሽ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በአነስተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጆቹን ላሳደገ አንባቢያችን ይህ ብቻውን የአስተሳሰቡን አቅጣጫ ይጠቁማል።

በቺሊ መሬቱ ቀደም ብሎ ታርሶለት ነበር። በ1956 በአሜሪካ መንግሥት የርዳታ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲና የቺሊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚሁ መሠረት እስከ 1970 ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ቺሊያውያን ወጣቶች በቺካጎ ትምህርት ቀሰሙ። «የቺካጎ ልጆች» የሚል ስም የወጣላቸው እነዚሁ ናቸው። በሕዝብ ድምፅ የተመረጠው የሳልቫዶር አየንዴ መንግሥት በሥልጣን ላይ እያለ፣ ከውፍረቱ የተነሣ «ጡቡ» የተባለ የኢኮኖሚ ዕቅድ አዘጋጅተው ቀን ይጠብቁ ነበር። ቀኑም መስከረም 11 ቀን 1973 ሆነ። ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ የሚመራው ፋሽስታዊ ጁንታ ሥልጣኑን ነጠቀ፤ ምክር ቤቱን ዘጋ፤ የሠራተኞችን ማዕከላዊ ማኅበር በሕግ አፈረሰ፤ የሥራ ማቆም አድማንና የኅብረት ድርድርን አገደ። «ጡቡም» በመኮንኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ፍሪድማን ከአርኖልድ ሃርበርገር ጋር ሳንቲያጎ የገባው ይህ ከሆነ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1975 ነበር። ጋባዡ ባንኮ ኢፖቴካሪዮ ደ ቺሌ የተባለ የግል ባንክ መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ወደዚህ ባንክ እንመለሳለንና። በ6 ቀን ቆይታው ለከበርቴዎች፣ ለመኮንኖችና ለተማሪዎች ንግግር አደረገ። ከፒኖቼ ጋርም ለ45 ደቂቃ ያህል ተነጋገረ። በዩኒቨርሲቲ መድረክ የመረጠው ርዕስ ነፃነት በቀላሉ የሚሰበር ነገር ስለመሆኑ የሚያወሳ ነበር። የማኅበር መሪዎቹ በታሰሩበት፣ ባለቅኔዎቹ በተሰደዱበት አገር ስለ ነፃነት ተሰባሪነት ማስተማር! ከአዳራሹ ውጭ የቆመው ወዛደር ይህን ትምህርት ያለ ፕሮፌሰር በገላው ተምሮት ነበር።

በሚያዝያ ወር ፍሪድማን ለፒኖቼ ደብዳቤ ጻፈ። በወር ከ10 እስከ 20 በመቶ ይንር የነበረውን ዋጋ ለመግታት ዝግታ አያዋጣም፤ የመንግሥት ወጪ በ6 ወር ውስጥ በ25 በመቶ ይቀነስ፤ ሕመሙ አጭር እንዲሆን እርምጃው ፈጣን ይሁን አለ። ጁንታው በዚያው ወር ይህንኑ መንገድ ያዘ። በ1975 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በ13 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የደመወዝ የመግዛት አቅም ክፉኛ ወረደ፤ የሥራ አጡ ሠራዊት በዛ። አጭር የተባለው ሕመም በማን ገላ ላይ እንዳረፈ ማብራራት አያሻም።

ፍሪድማን በኋላ ለተነሣበት ወቀሳ መልስ ነበረው። ሐኪም ለወረርሽኝ መድኃኒት ቢያዝዝ የመንግሥቱ ተባባሪ አይባልም፤ ከቺሊ ዩኒቨርሲቲዎች የቀረቡልኝን የክብር ዲግሪዎችም አልተቀበልኩም፤ በ1980 ወደ ኮሙኒስት ቻይና ሄጄ ንግግር ሳደርግ ማንም አልተቃወመኝም ይል ነበር። የቻይናው ነጥብ ውኃ የሚያነሣ ነው፤ ተቃዋሚዎቹም ሊመልሱት ይገባ ነበር። የሐኪሙ ምሳሌ ግን አይቆምም። ሐኪም በሽተኛውን የት ያምሃል ብሎ ይጠይቃል፤ በሳንቲያጎ የበሽተኛው አፍ ታስሮ ነበር። ማኅበሩ፣ ጋዜጣውና ድምፁ የተነጠቀ ሕዝብ በ6 ወር ውስጥ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚናገርለት አልነበረም፤ መድኃኒቱም በዚያ ፍጥነት ሊሰጥ የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህንን ነጥብ አስቀድሞ የተናገረው የአየንዴ ሚኒስትር የነበረው ኦርላንዶ ሌተሊየር ነው። በነሐሴ ወር 1976 ዘ ኔሽን በተባለ የአሜሪካ መጽሔት በጻፈው ጽሑፍ፣ የኢኮኖሚው ዕቅድና ጭፍጨፋው የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስረዳ። ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 21 ቀን፣ የፒኖቼ የስለላ ድርጅት ሰዎች በዋሽንግተን ከተማ መኪናው ላይ ባጠመዱት ቦምብ ከአንዲት አሜሪካዊት ባልደረባው ጋር ተገደለ። በጥቅምት ወር ፍሪድማን የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ ተነገረ። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰልፈኞች ጠበቁት፤ በሥነ ሥርዓቱ አዳራሽ ውስጥም አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ቺሊ ነፃነት ጮኸ። ያ ሰው ተይዞ ወጣ፤ ሥነ ሥርዓቱም ቀጠለ።

በኅዳር ወር 1981 ፍሪድማን ለሁለተኛ ጊዜ ቺሊ ገባ። የገበያ አቀንቃኞች ማኅበር የሆነው የሞን ፔለራን ማኅበር በባሕር ዳርቻዋ ቪኛ ዴል ማር ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ጊዜው የደስታ ነበር፤ የዋጋው ንረት ወደ 10 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ባንኮቹ ዶላር ከውጭ እየተበደሩ ያበድራሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሕንፃው ተናደ። በ1982 የአገሪቱ ምርት በ14 በመቶ ገደማ ወደቀ። በጥር ወር 1983 መንግሥት በታላላቆቹ የግል ባንኮች ላይ እጁን ጫነ፤ ኪሳራቸውንም በሕዝብ ትከሻ ላይ አሳረፈ። በዚያን ጊዜ እንዲፈርሱ ከተወሰነባቸው ባንኮች አንዱ፣ በ1975 ፍሪድማንን የጋበዘው ያው ባንኮ ኢፖቴካሪዮ ነበር። መንግሥት ከገበያው እጁን ያውጣ ተብሎ የተሰበከበትን መድረክ የከፈለው ባንክ መጨረሻው በመንግሥት እጅ ሆነ።

የጉዞዎቹ ደጋፊዎች ዛሬም የቺሊን ዕድገት ይጠቅሳሉ። ዕድገቱ አለ። ነገር ግን አየንዴ በ1971 የወረሰውን ትልቁን መዳብ ጁንታው ራሱ ለግል ባለሀብት እንዳልመለሰ፣ ድህነትም በእጅጉ የቀነሰው ከ1990 በኋላ በተመረጡ መንግሥታት ዘመን መሆኑን አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

የመዳብ ሠራተኞቹ ከየትኛውም ስብሰባ የጥሪ ወረቀት አልደረሳቸውም ነበር። የእነሱ ኮንፌዴሬሽን ራሱ ጥሪ ያስተላለፈው ለግንቦት 11 ቀን 1983 ነው። በዚያች ሌሊት በሳንቲያጎ የሠራተኛ ሠፈሮች እናቶች በየደጃፋቸው ቆመው ባዶ ድስት ደበደቡ፤ ሾፌሮች ጥሩንባ አስጮኹ፤ ወታደር የጫኑ መኪኖች በየመንገዱ ሲያልፉም ድስቱ አላቋረጠም።